ያ ሁሉ ሰው የሮጠው ለዚህ ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ችግረኞችን ለመርዳት ስለሚዘጋጅ ሩጫ የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እኔና የሰፈራችን ወጣቶች ባለፈው ዓመት ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ለመርዳት የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አዘጋጅተን ነበር። 600 ሰው ቲሸርቱን በ400 ብር ገዝቶ ስለሮጠ 240,000 ብር ተሰበሰበ። ነገር ግን ለቲሸርት 156,000 ብር፣ ለመድረክና ለሞንታርቦ ኪራይ 38,000 ብር፣ ለውኃ፣ ለሜዳሊያና ለባነር 21,000 ብር ከከፈልን በኋላ የተረፈን 25,000 ብር ብቻ ሆነ። ይህንን ለ34 አረጋውያን ስናካፍለው ለእያንዳንዳቸው 735 ብር ደረሳቸው። አንድ አባት ገንዘቡን ተቀብለው፣ መርቀውን ሲያበቁ «ልጆቼ፣ ያ ሁሉ ሰው የሮጠው ለዚህ ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረኝም። ዘንድሮም እንድናዘጋጅ ጓደኞቼ ይወተውቱኛል፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። ሩጫውን እንተወው ወይስ የሚስተካከልበት መንገድ አለ?
እኅታችሁ፣ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሩጫውን አይተዉት። 600 ሰው በአንድ ጠዋት ለጎረቤቶቹ ብሎ ከቤቱ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን ያህል ሰው ማሰባሰብ የቻለ ኮሚቴም በቀላሉ የሚበተን ሊሆን አይገባውም። የአባታችን ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እርስዎም እስከ ዛሬ ከልብዎ አለማውጣትዎ ገንዘብ ያዥነቱ ለሚገባው ሰው እንደተሰጠ ያሳያል።

እስቲ ስሌቱን ደግመን እንየው። ከተሰበሰበው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 90 ብር ያህሉ ለዝግጅቱ ወጥቷል፤ ለአረጋውያኑ የደረሰው 10 ብር ያህል ነው። የሰረቀ የለም፤ ያጎደለም የለም። የሆነው ነገር ኮሚቴው ሳያስበው ቲሸርት ነጋዴ መሆኑ ነው። ሯጩ 400 ብር ከፍሎ 260 ብር የወጣበትን ልብስ ለብሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ «የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ብሎ ተመልሷል፤ ስለዚህ በማግስቱ ስለነዚያው አረጋውያን ሌላ ጠያቂ ቢመጣበት እጁ እንደ መጀመሪያው አይዘረጋም። ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የሰፈሩ የመስጠት ፈቃድ ለጨርቅና ለድምፅ ማጉያ ዋለ።

ለመመዘኛ ያህል አንድ ነገር ላንሣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሦስተኛ ወገኖችን ለመጥቀም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ድንጋጌው የሚናገረው ስለ ድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ እንጂ ስለ አንድ ቀን ሩጫ ባለመሆኑ እናንተን በቀጥታ አይመለከትም። ሆኖም ኮሚቴው በገዛ ፈቃዱ «ከሚሰበሰበው 100 ብር ውስጥ ቢያንስ 80ው ለተረጂው ይደርሳል» ብሎ በቃለ ጉባኤ ቢወስንና ውሳኔውን በመመዝገቢያ ወረቀቱ ላይ ቢያትመው፣ ሯጩም የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ እናንተም ከወጪ የምትቆጠቡበት ልጓም ይኖራችኋል።

ቲሸርት የሌለው ሩጫ ሩጫ የማይመስለን ታላቁን ሩጫ እያየን ስለኖርን ይመስለኛል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ካጠለቀ በኋላ ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ፣ በኅዳር 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰዎችን ይዞ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በዚያ ዕለት ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነበር። ተሳታፊው ከ40,000 በላይ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከተማውን በአንድ ቀለም የሚያጥለቀልቀው ቲሸርትም የበዓሉ ምልክት ሆኗል። ነገር ግን ያ ሩጫ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ጽሕፈት ቤትና ትልልቅ ስፖንሰሮች አሉት፤ ለተመረጡ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘብ የሚያሰባስብበትም የራሱ ዘመቻ አለው። የሰፈር ኮሚቴ ከዚህ ሁሉ ቲሸርቱን ብቻ ሲወስድ ወጪውን ወርሶ ገቢውን ይተወዋል።

እኔ ለእናንተ የሚሆን ምሳሌ የማየው ሌላ ቦታ ነው። ቴሪ ፎክስ የተባለ ካናዳዊ ወጣት በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ምክንያት ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሮጦ ለማቋረጥ ተነሣ፤ በየቀኑ አንድ ማራቶን የሚያህል ርቀት እየሮጠ በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ከሸፈነ በኋላ ካንሰሩ ወደ ሳንባው በመዛመቱ ለማቆም ተገደደ፤ በተከታዩ ዓመት በ22 ዓመቱ ዐረፈ። ለካንሰር ምርምር እንዲውል የለመነው ከእያንዳንዱ ካናዳዊ 1 ዶላር ነበር፤ ከማረፉም በፊት ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ የጠየቀው ሞላለት። ይህ ወጣት ምንም አልሸጠም። ሮጠ፣ ጠየቀ፣ ሰዎችም ሰጡ። በስሙ የሚካሄደው ዓመታዊ ሩጫም እስከ ዛሬ የመመዝገቢያ ክፍያ አይጠየቅበትም።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በሚታነጽበት ጊዜ መንገድ ዳር ጥላ ዘቅዝቀው የሚቆሙትን ምእመናን ያላየ ሰው በከተማችሁ አይገኝም። ከላይ የሚወርደው ሳንቲምም ሆነ የታጠፈ ብር ከጥላው ውስጥ እንዳለ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ለሰጪው የሚመለስለት «እግዚአብሔር ይስጥልን» የሚል ቃል ነው፤ ሰጪውም ከዚህ የበለጠ አልጠበቀም። ሯጫችሁ ያንን ጥላ የሚይዝ ሰው ይሁን።

በተግባር እንዲህ ይደረግ። ለተመዘገበው ሁሉ አሥር መስመር ያለው የቃል መግቢያ ወረቀት ይሰጠው፤ በአንዱ ዐምድ የሰጪው ስም፣ በሁለተኛው ቃል የገባው ብር፣ በሦስተኛው የከፈለበት ቀን ይሞላበት። ሯጩ ወረቀቱን ይዞ ወደ አጎቱ፣ ወደ መሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ፣ ውጭ አገር ወዳለች እኅቱ ይሂድና «ስለ ሰፈራችን አረጋውያን 5 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው፤ ስንት ትደግፉኛላችሁ?» ይበል። 600ው ሰዎች እያንዳንዳቸው አምስት ሰው አግኝተው እያንዳንዱ ሰው 100 ብር ቢሰጥ 300,000 ብር ይሆናል። ግማሹ ብቻ ቢሳካ እንኳ 150,000 ብር ነው፤ ይህም ባለፈው ዓመት ለአረጋውያኑ ከደረሰው ስድስት እጥፍ ነው። መመዝገቢያውን ወደ 50 ብር ዝቅ አድርጉት፤ ከዚህ የሚገኘው 30,000 ብር ለውኃ፣ ለደረት ቁጥርና ለመጀመሪያ እርዳታ ይዋል፤ በቃል የተሰበሰበው ገንዘብ ግን አንድም ብር ሳይነካ ለተረጂዎቹ ይሂድ። ሁለቱን ገንዘቦች አለማቀላቀል የምክሬ ሁሉ እምብርት ነው።

ቲሸርት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ይዘዝ፤ የቀረው የራሱን ነጭ ልብስ ለብሶ ይምጣ። ለደረት ቁጥር ቁራጭ ጨርቅና አራት መርፌ ቁልፍ ይበቃል። ለመድረክና ለሞንታርቦ ያወጣችሁትን 38,000 ብር በተመለከተ፣ የእድራችሁ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ባለበት አገር ይህ ወጪ ጨርሶ አያስፈልግም ባይ ነኝ። ስፖንሰር የሚሆን ነጋዴ ካገኛችሁም ከገንዘብ ይልቅ ዕቃውን ጠይቁት፤ ውኃ አከፋፋዩ ውኃ፣ ማተሚያ ቤቱ ወረቀት ቢሰጥ ለሁለቱም ይቀላል።

የገንዘቡ ማደሪያ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ሕጋዊ ሰውነት የሌለው ኮሚቴ በራሱ ስም የባንክ ሒሳብ ስለማይኖረው ገንዘቡ በአንድ ሰው ሒሳብ ወይም በአንድ ሰው ቴሌብር ሲሰበሰብ ይታያል፤ ያ ሰው ምንም ያህል ታማኝ ቢሆን ከሐሜት አይድንም። ስለዚህ በሰፈራችሁ ያለውን የተመዘገበ እድር አነጋግሩና ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚውል፣ በሦስት ሰዎች ጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይከፈት። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የማን ቤት እንዳዘነና የማን ጣሪያ እንደሚያፈስም ከማንም በላይ ያውቃል። እርስዎም ሸክሙን ብቻዎን አይሸከሙትም።

ስለ ቀኑ ካነሣን፣ ጥቅምትን እመክራለሁ። ክረምቱ ወጥቷል፤ ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ስለሆነ ሯጩ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ውኃ ጠጥቶ ቁርስ ቀምሶ መሮጥ ይችላል፤ የረመዳንን ወቅትም አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ከተማችሁ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከቆላ የሚመጣ እንግዳ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭም ልምድ ለሌለው ሰው ከባድ ነው። ከማለዳው ይልቅ ፀሐይ ሞቅ ስትል፣ 3 ሰዓት ላይ ብትጀምሩ ይሻላል፤ መራመድ ለሚመርጡም በግልጽ ይፈቀድ። የከተማ አስተዳደሩን፣ ፖሊስንና ትራፊክ ፖሊስን በጽሑፍ ማስፈቀድ፣ ለአምቡላንስም ቀይ መስቀልን አስቀድሞ ማነጋገር እንዳይረሳ።

አሁን ወደ 34ቱ አረጋውያን ልመለስ፤ የባለፈው ዓመት ጉድለት ከቲሸርቱ ቀጥሎ እዚህ ላይ ነውና። ገንዘቡን እኩል አካፍሎ በፖስታ መስጠት ለአካፋዩ ይቀለዋል፤ ተረጂዎቹ ግን እኩል አልተቸገሩም። ከሩጫው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቤት ለቤት ዙሩ፤ ቁጭ ብላችሁ ቡናቸውን ጠጡ፤ የሚያስፈልጋቸውንም ራሳቸውን ጠይቁ። አንዲት እናት የሚያስፈልጋቸው ለጣሪያቸው አራት ቆርቆሮና አንድ ኪሎ ሚስማር ሊሆን ይችላል። አንዱ አባት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ያልተከፈለላቸው ስለሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ትተው ይሆናል፤ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ፣ ከዚያ ዝርዝር ውጭ የቀሩትን ከወረዳው ጋር ለይታችሁ መዋጮውን እናንተ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ሌላው ከብር ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን ልብስ የሚያጥብላቸውና ውኃ የሚቀዳላቸው ልጅ ይሹ ይሆናል፤ ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን 600ው ሯጮች አሉላችሁ።

ሩጫው በተጠናቀቀ በ15 ቀን ውስጥ ገቢና ወጪው በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ደረሰኞቹ ተያይዘው፣ በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ በንባብ ይሰማ፤ ቅጂውም ሰው በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ቃል ገብቶ ያልከፈለ ሰው ስሙ አይነበብ፤ ሯጩ ራሱ ሄዶ በትሕትና ያስታውሰው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ያ ገጽ ከመለጠፉ በፊት ባለፈው ዓመት ወደ ጠየቁዎት አባት ቤት ይዘውት ይሂዱና ቁጭ ብለው ያንብቡላቸው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት የሩጫ ውድድር እያዘጋጀን ነው። ዋናው ስፖንሰራችን ልጆቹ መድረክ ላይ ወጥተው እንዲታዩ፣ ርዳታውን ሲቀበሉም ፎቶግራፍ እንዲነሡ ይፈልጋል። እምቢ ብንል ገንዘቡን እናጣለን ብለን እንሰጋለን። ምን ይመክሩናል?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ውድ ወንድማችን፣ እምቢ በሉ። ከዓመታት በፊት በአንድ ሰፈር በተዘጋጀ ሩጫ ማብቂያ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንዲት አሮጊት ደግፈው መድረክ ላይ አወጧቸው፤ አስተዋዋቂው በማይክሮፎን ልጆቻቸው እንዴት እንደሞቱና እርሳቸው እንዴት እንደሚኖሩ ለሕዝቡ ተረከ። አሮጊቷ በቀኝ እጃቸው ፖስታውን ሲቀበሉ በግራ እጃቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ ነጠላውን ዝቅ ያድርጉልኝ» አላቸው፤ ዝቅ አደረጉት። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አብሬ አጨብጭቤአለሁ፤ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። እኒያ እናት በማግስቱ ውኃ ለመቅዳት የሚሄዱት በዚያው ሕዝብ መካከል ነው።

ልጅ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ያ ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የክፍል ጓደኞቹ ሊያዩት ይችላሉ። ሕጉም ቢሆን ከእናንተ ጋር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይቀርብና እንዳይባዛ ይደነግጋል፤ የተለዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም ርዳታ የሚቀበል ሕፃን ለማስታወቂያ መዋል አለበት የሚል ግን የለበትም። ርዳታውን የሚፈልግ ሕፃን ወይም አሳዳጊው «ፈቅጃለሁ» ቢልም፣ እምቢ ካሉ ርዳታው ይቀርብናል ብለው ፈርተው እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ስፖንሰሩን ግን በባዶ እጅ አትመልሱት። ስሙ በመነሻውና በመድረሻው ባነር ላይ ይጻፍ፤ ሠራተኞቹ በቡድን ይሩጡና ፎቶግራፍ ይነሡ፤ በእርሱ ገንዘብ የተገዙት ደብተሮች፣ ቦርሳዎችና ጫማዎች ተደርድረው ይታዩለት። የልጆቹን ስም ሳይጠቅስ በገንዘቡ ምን እንደተሠራ የሚገልጽ፣ በኮሚቴው ማኅተም የወጣ ደብዳቤም ይሰጠው። ብዙ ድርጅቶች ልጆቹን መድረክ ላይ የሚጠይቁት ሌላ አማራጭ ያቀረበላቸው ሰው ስለሌለ ነው። ይህ ሁሉ ቀርቦለት አሁንም የልጆቹን ፊት ካልሆነ የሚል ከሆነ፣ ሌላ ስፖንሰር ፈልጉ። ልጆቹ ሩጫውን መካፈል ከፈለጉ ደግሞ እንደ ማንኛውም ልጅ ቁጥር ለጥፈው ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተቀላቅለው ይሩጡ፤ ማን ተረጂ እንደሆነ ማንም አይለይ።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በአገር ቤት ላሉ አረጋውያን ገንዘብ ለማሰባሰብ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አስበናል። ተሳታፊው 100 ዶላር ከፍሎ ቲሸርትና ምሳ ያገኛል። ሰዎች ክፍያው ከግብር ይቀነስልናል ወይ እያሉ ይጠይቁናል።
የአስተባባሪዎች ቡድን

መልስ፦ ክፍያው እናንተ ለራሳችሁ ከሰበሰባችሁትና በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ከላካችሁት አይቀነስም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ከግብር የሚቀነሰው በዚያው አገር ተቋቁሞ ከግብር ነፃ መሆኑ ለታወቀለት በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ ነው፤ ስለዚህ ገንዘቡን እንዲህ ያለ ድርጅት ተቀብሎ፣ አጠቃቀሙን ራሱ እየተቆጣጠረ እንዲልከው አስቀድማችሁ ተስማሙ። በዚያም ጊዜ ቢሆን ሙሉው 100 ዶላር አይቀነስም፤ የቲሸርቱና የምሳው ተገቢ ዋጋ ይነሣለታል። ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ በመሆኑም ድርጅቱ ያንን ዋጋ ገምቶ ለከፋዩ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። የጽሑፉን አገላለጽ የግብር ባለሙያ ቢያይላችሁ መልካም ነው።

ስለ መላኩም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክ ይለያያል፤ ከቀን ወደ ቀንም ይለዋወጣል። የሁለት ሦስት ባንኮችን ዋጋ አነጻጽራችሁ በባንክ በኩል ላኩ፤ የላካችሁበትን ቀን፣ የዕለቱን ምንዛሪና በኢትዮጵያ ያለው ተቀባይ የፈረመበትን የብር መጠን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ለሯጮቹ ሁሉ አድርሱ።